«ተበይዷል፣ አይዟችሁ!»

እኛን አንድ ነገር ሰልችቶናል፤ ይሄ «ተበይዷል» የሚሉት ማጽናኛ። ባለሦስት እግሯ ባጃጅ የተሠራችው ለሹፌሩና ለሦስት ተሳፋሪ ነው። ጥሊሊ ላይ ግን አራተኛው ከሹፌሩ ጎን ይጣበቃል፣ ከኋላ የድንች ኩንታል ይታከላል (አዊ ውስጥ ያለ ድንች ጉዞ አለ እንዴ?)። ኮሮኮንቹ ላይ ሻንሲው ሲጎብጥ ባለንብረቱ በያጅ ጋ ይወስዳታል፣ አንጎላሬ ይለጠፍላታል። በማግስቱ አምስተኛ ሰው!

እስኪ እንነጋገር። ስስ ላሜራ ላይ ወፍራም ብረት ሲበየድ የተለጠፈበት ቦታ ይጠነክራል፣ አልካድንም። ጭነቱ ግን የትም አልሄደም። ወፍራሙ ብረት የሚያልቅበት ጫፍ ላይ፣ ያውም የብየዳው እሳት ባደከመው ላሜራ ላይ ይከማቻል። ቀጥሎ የሚሰነጠቀው እዚያው ነው። ድሮ ይጎብጥ የነበረው አሁን ድንገት ይቆረጣል። መጉበጡ እኮ ማስጠንቀቂያ ነበር! ጎበዝ በያጅ የብረቱን ጫፍ ሰያፍ አድርጎ ይቆርጠዋል፤ ስንጥቁ እንዳይቀጥል ጫፉን ይበሳዋል። ይሄም ቢሆን የተጎዳ ሻንሲ ለመጠገን እንጂ አምስተኛ ሰው ለመጫን አይደለም።

ሹፌሩን መስደብ ቀላል ነው። የቀን ገቢውን ቆርጦ የሚጠብቀው ማን ሆነና? በሦስት ሰው ሂሳብ የማይሞላ ገቢ የሚጠይቅ ባለንብረት አራተኛውን ራሱ እንደጫነ ይቁጠረው። ፈረስ በሚከበርበት በአዊ ምድር ጀርባው የቆሰለ ፈረስ ሲጫን ያየ ሽማግሌ ዝም አይልም። ለባጃጇና ለተሳፋሪዋ ማን ይቆጣ? ባለንብረቶች፣ በየጊዜው ለበያጅ የምትከፍሉትን ከልጁ የቀን ገቢ ላይ ቀንሱለት።