ወንድሜ ስክሪን ግዢልኝ አለኝ

አድሚን ስሜን ደብቂልኝ፣ ወንድሜ ፌስቡክ ላይ ውሎ ነው የሚያድረው። ትንሽ ይረዝማል፣ ግን እስከመጨረሻው አንብቡትና ተሳስቼ ከሆነ ንገሩኝ።

ባለፈው ጁምዓ ማታ ወንድሜ በኢሞ ደወለ። ትልቅ ስክሪንና ዲሽ ገዝቶ ኳስ ማሳያ ቤት ሊከፍት ነው። ኳስ በሌለበት ሰዓት ደሞ ፊልም ያሳያል። ብሩን የምልከው እኔ ነኝ፣ የአራት ወር ደሞዜ ነው። ቦታም አግኝቷል። የት ነው ስለው፣ ድሮ ቪዲዮ ቤት የነበረው ቆርቆሮ ቤት አለኝ። ስልኩን ዘግቼ ልተኛ ብል እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያንን ቤት ስንት ዓመት ሙሉ አስቤው አላውቅም ነበር።

እኔ የባቲ ልጅ ነኝ። ባቲ ሰኞ ማለት ምን እንደሆነ ለወሎ ልጅ አይነገርም። አፋሩ ግመልና ፍየሉን እየነዳ፣ ኦሮሞው ከብቱን ይዞ፣ አማራው እህሉን ጭኖ ይመጣል። ሙቀቱ አናት ይበሳል። ቪዲዮ ቤቱ በሌላው ቀን ከሰዓት ነበር የሚከፍተው፣ ሰኞ ግን ከጠዋት ጀምሮ ክፍት ነው። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ውስጡ ብርሃን እንዳያስገባ በማዳበሪያ ከረጢት የተለበጠ፣ መቀመጫው የባሕር ዛፍ ግንድ። ፊት ለፊት በሳጥን ላይ አንድ ቴሌቪዥን። በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ አለ፣ በጠመኔ "ዛሬ የህንድ ፊልም" ወይ "ዛሬ ጃኪ ቻን" ተብሎ ይፃፋል። ድምፅ ማጉያውን ሆን ብለው ወደ ውጭ ያዞሩታል፣ ገበያተኛው ሰምቶ እንዲገባ። ልጅ 50 ሳንቲም፣ ትልቅ ሰው 1 ብር። አፋሮቹ ጊሌያቸውን በር ላይ ለበረኛው ሰጥተው ሲገቡ ትዝ ይለኛል፣ ጩቤው በግድግዳው ተደርድሮ።

እኔ የዘጠኝና የአስር ዓመት ልጅ ሆኜ እዛ በር ላይ ቆሎና በላስቲክ የታሰረ ቀዝቃዛ ውሃ እሸጥ ነበር። ወንድሜ ውስጥ፣ እኔ ውጭ። ሴት ልጅ አትገባም። ማንም ሕግ ብሎ አልፃፈውም፣ ግን ብትገባ ማታ ወሬው እቤት ቀድሟት ይደርሳል። አባቴ አላህ ይዘንለትና ያንን ቤት ሸይጧን ቤት ነበር የሚለው። በኋላ አዲስ አበባ ለፓስፖርት ስሄድ ያረፍኩባቸው ዘመድ ሲያጫውቱኝ፣ ሲኒማ መጀመሪያ አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ ቤቱን ሰይጣን ቤት ብሎት ነበር አሉኝ፣ ሰፈሩም በዛው ስም ተጠራ። አባቴ ይሄን ሳይሰማ ነው ያንኑ ስም ያወጣው። ወንድሜን ግን ከሸይጧን ቤት ሲወጣ አንድ ቀን እንኳን ሲገርፈው አላየሁም።

አንድ የምገባበት ሰዓት ነበረኝ። የህንድ ፊልም ረጅም ስለሆነ በሁለት በሶስት ሲዲ ነበር የሚመጣው። አንዱ ሲዲ አልቆ ሌላው እስኪገባ ድረስ በረኛው "ቶሎ ሸጠሽ ውጪ" ይለኛል። እኔም ሳህኔን ይዤ በግንዶቹ መሃል እሽሎከለካለሁ። በዚያ ሰዓት ስክሪኑ ላይ ያለው ሰማያዊ ብርሃን ብቻ ነው። ሁሉም ሰው ፊቱ ሰማያዊ ሆኖ ይታየኛል። ፊልሙ ሊጀምር ሲል ውጪ እባላለሁ። እና እህቶቼ፣ እኔ ቪዲዮ ቤት ገብቻለሁ ብል ውሸት አይደለም፣ ግን ያየሁት ሰማያዊ ስክሪን ነው።

ፊልሙን በጆሮዬ ነው የማውቀው። ህንድኛ አልችልም፣ ውስጥም የሚችል አልነበረም፣ ቀድሞ ያየ ልጅ እየጮኸ በአማርኛም በኦሮምኛም ለሌላው ያስረዳ ነበር። አንዱን ፊልም በተለይ ደጋግመው ያሳዩት ነበር፣ ካራን አርጁን። ሻሩክ ካንና ሳልማን ካን ወንድማማች ሆነው የሰሩት። ሁለቱን ልጆች ይገድሏቸዋል፣ እናትየው አምላኳን ትለምናለች፣ ልጆቿ እንደገና ተወልደው ይመጣሉ። ያቺ እናት ስትጣራ ድምጿ ቆርቆሮውን አልፎ ይመጣና እኔ ቆሎ መስፈር አቆማለሁ። ፊቷን ግን አላውቀውም።

ማታ እናቴ እንጀራ ስትጋግር ወንድሜ ፊልሙን ይነግረናል። እሱ እቴ! የሚነግረን ድብድቡን ብቻ። "ሻሩክ በቡጢ አለው፣ ሰውየው በመስታወት ወጣ።" እናትየውስ ምን ሆነች ስለው "አለቀሰች ምናምን" ይለኛል። እናቴ ከምጣዱ ሳትዞር "ልጆቿን አገኘቻቸው ወይስ አላገኘቻቸውም?" ትለዋለች። "አገኘች መሰለኝ" ይላል። መሰለኝ! ሙሉ ቀን እዛ ተቀምጦ ውሎ።

አሁን አንዳንዶቻችሁ ምን እንደምትሉ አውቃለሁ። ቪዲዮ ቤት የዱርዬ መዋያ ነው፣ ስንት ልጅ ከትምህርት አስቀርቷል፣ ጫትና ሲጋራ እዛ ነው የተለመደው፣ ማታ ማታ ደሞ ሌላ ፊልም ያሳዩ ነበር። እውነት ነው፣ አልክድም። የክፍሌ ልጆች ዩኒፎርማቸውን ገልብጠው ለብሰው ሲገቡ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን እስቲ አስቡት። ያ ቤት እናቶች የሚገቡበት ቢሆን ኖሮ ማታ ያንን ፊልም ማን ያሳይ ነበር? የጎረቤት እናት አጠገቡ ተቀምጣ ዩኒፎርሙን የሚገለብጠው የትኛው ልጅ ነው? ሴቱን አስወጥተው ቤቱ ሲበላሽ፣ "ይኸው ቤቱ ብልሹ ስለሆነ ነው ሴት የማትገባው" አሉን። እኔ ይሄ ነገር የተገለበጠ ነው ባይ ነኝ።

ሴቱ ፊልም አይወድም እንዳትሉኝ ደሞ። ቃና በ2008 ሲጀምር ሰፈራችን ዲሽ የነበረው አንድ ቤት ነው። ማታ ቡና ተፈልቶ ሴቱ በሙሉ እዛ ነው፣ እናቴ ጭምር። የቱርኩ ሰውዬ ሚስቱን ሲከዳ እናቴና ጎረቤቶቿ ስለ ራሳቸው ያልተነጋገሩትን ሁሉ በሱ አሳብበው ተነጋገሩት። አንዷ ጎረቤታችን ባሏ የሚያደርጋትን ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረችው በዛ ድራማ መሃል ነው። በማግስቱ ሴቶቹ ተሰብስበው ባልየውን አነጋገሩት። እኔ የአስራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ስልክ ላይ ብቻዋን ብታየው ኖሮ አልቅሳ ነበር የምትተኛው።

ወደዚህ ስመጣ ደሞ ሌላ ያልጠበኩትን ነገር አየሁ። እኔ ያለሁት ሪያድ ነው። እዚህ አገር ከ35 ዓመት በላይ ሲኒማ ቤት አልነበረም፣ የተከፈተው በፈረንጅ 2018 ሚያዝያ ላይ ነው። መጀመሪያ የታየው ብላክ ፓንተር ነበር፣ ስለ አፍሪካ ንጉሥ የተሰራው። የማዳም እናት የጄዳ ልጅ ናቸው፣ አሁን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ እኔ ነኝ የማሻቸው። ሳሻቸው ያወራሉ። ልጅ እያሉ ጄዳ ውስጥ በሰው ግቢ ፊልም ይታይ እንደነበር ነገሩኝ፣ ማሽኑን ይከራዩና ነጭ ግድግዳ ላይ የግብፅ ፊልም፣ ፋሪድ አል አትራሽ ሲዘፍን። ምንጣፍ አንጥፈው ነበር የሚያዩት። ከዛ ቀረ። ማዳም ደሞ ልጅ ሆና ፊልም ማየት ሲያምራት አባቷ በመኪና ባሕሩን አሻግሮ ባህሬን ይወስዳት ነበር። ይሄን ስሰማ ሳቄ መጣ። ይቺ ሁሉ ነገር የሞላላት ልጅ ለሲኒማ አገር ታቋርጣለች፣ እኔ የድሃ ልጅ ሲኒማው አጠገቤ ነው፣ ክንዴን ብዘረጋ ቆርቆሮውን እነካዋለሁ። ሁለታችንም ግን አላየንም።

አሁን እሷ ታያለች። ባለፈው ዒድ ልጆቹን ይዘን ሞል ሄድን፣ የካርቱን ፊልም ነበር። ትኬት ተቆረጠ፣ ለኔ አልተቆረጠም። ሕፃኑ ስለሚያለቅስ አንቺ ከሱ ጋር ውጭ ሁኚ ተባልኩ። ማዳም ክፉ ሰው አይደለችም፣ ደሞዜን በቀኑ ነው የምትሰጠኝ፣ ፈንድሻም ገዝታልኛለች። ሁለት ሰዓት ያህል ጋሪ እየገፋሁ በኮሪደሩ ተመላለስኩ። ከግድግዳው ወዲያ ድምፁ ጉም ጉም ይላል። ልጆች ይስቃሉ። ልክ ባቲ። ስንወጣ የስምንት ዓመቷ ልጅ መኪና ውስጥ ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረችኝ። ማን አለቀሰ፣ ለምን አለቀሰ፣ ምን ለብሶ ነበር፣ አንድም አልዘለለችም። ወንድሜ ይቺን ልጅ ቢሰማት ጥሩ ነበር።

የዛን ቀን ማታ ክፍሌ ገብቼ ካራን አርጁንን ዩቲዩብ ላይ ፈለኩት። ዋይፋይ አለ፣ ምን ያግደኛል። ከዚያ በፊት እንዴት ሳልፈልገው እንደቀረሁ እንጃ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው፣ ብርድ ልብሱን ተከናንቤ አየሁት። ያቺ እናት ሽማግሌ ትመስለኝ ነበር፣ ለካ ያን ያህል አላረጀችም። መንደሩ ሁሉ አብዳለች ይላታል፣ እሷ ግን ልጆቼ ይመጣሉ ብላ ትጠብቃለች። አገኘቻቸው። ድምፅ እንዳይሰማ ትራሱን አፌ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። ለእናቴ በማግስቱ "እማ፣ ያቺ ሴትዮ ልጆቿን አግኝታለች" ብዬ የድምፅ መልዕክት ላኩላት። መጀመሪያ የቷ ሴትዮ ብላ ደነገጠች፣ ከዛ ስታስታውስ ሳቋን ብትሰሙት።

ለዚህ ነው እንቅልፍ ያጣሁት። እህቶቼ፣ በእኛ ብር ምን እየተከፈተ እንደሆነ አስተውላችኋል? ፑል ቤት፣ የኳስ ቤት፣ ጫት ቤት። በየከተማችን ከእህቱ በተላከ ብር የተከፈተውን ቤት ቁጠሩ፣ ከዛ ስንቱ ውስጥ ያቺ እህት ለእረፍት ብትሄድ ገብታ መቀመጥ እንደምትችል ቁጠሩ። ታናሽ እህቴ አሁን አስራ ሶስት ዓመቷ ነው። የአራት ወር ደሞዜን ልኬ እሷ በር ላይ ቆሎ ልትሸጥ ነው? አላደርገውም።

ስለዚህ ለወንድሜ ነገርኩት። ስክሪኑን እገዛለሁ፣ ግን ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ከ8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ቤቱ የሴቶችና የልጆች ነው። በዛ ሰዓት ኳስ የለም፣ ስለዚህ አይከስርም። በዛን ቀን ጫት አይቃምበትም። ግንዱ ወጥቶ ወንበር ይግባ። ፊልሙን እናቴ ትምረጥ። በረኛም ሴት ትሁን፣ የጎረቤታችን ልጅ ሥራ ፈት ነች።

ሳቀብኝ። "ማን ይመጣል? ሴት በሙሉ ስልክ አለው አሁን" አለኝ። ስልኩ የማን ነው አልኩት፣ የእህታችን ስልክ የት አለ? ዝም አለ። ከዛ "ሰው ምን ይለኛል" አለ። ይሄን የሚፈራውን እረዳለሁ፣ የሚኖረው እሱ እዛ ነው፣ እኔ ሩቅ ሆኜ አዛዥ መምሰሌንም አውቃለሁ። ስትልክ ብቻ ዝም ብላ ትላክ የሚሉ አሉ። ከናንተም መሃል ብሩን ለራስሽ አስቀምጪ፣ ወይ ለእናትሽ ቤት ስሪ የምትሉኝ ትኖራላችሁ፣ ምክራችሁን እሰማለሁ፣ እናቴ ቤት አላት ግን። ፊልም ሐራም ነው ለምትለኝ እህት ደሞ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፣ ለወንድሜ ሲሆን የት ነበርሽ?

እናቴን ጠየኳት። መጀመሪያ "እኔ በዚህ ዕድሜዬ ቪዲዮ ቤት ልግባ? ያባትሽ አፅም ይወቅሰኛል" አለች። ትንሽ ቆይታ "ወንበሩ መደገፊያ አለው?" አለችኝ።

ወንድሜ አስብበታለሁ ካለኝ ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው። ብሩ እስካሁን እኔ ጋ ነው።