መልኩ አንድ፤ ሥራው ልዩ ልዩ

በሐኪም ቤት በአልጋ ራስጌ ተሰቅሎ በቀጭን ቱቦ እየተንጠባጠበ ወደ ደም ሥር የሚገባውን ፈሳሽ ሁሉ ሕዝባችን «ጉሉኮስ» ብሎ ይጠራዋል። በውስጡ ያለው ስኳርም ይሁን ጨው ስሙ ያው ነው። ሕመምተኛው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ሕክምና የሚማር ተማሪና በጤና መሥሪያ ቤት የተቀመጠ ወጣት ሹም እንደዚሁ ቢደባልቁት ጉዳቱ የሰው ሕይወት እስከ ማጥፋት ይደርሳልና፤ ስለዚህ ነገር ጥቂት መናገር አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል።

በደም ሥር የሚሰጠው የጨው ውሃ ታሪክ ከኮሌራ ጋራ የተያያዘ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1832 ዓ.ም. በስኮትላንድ ቶማስ ላታ የተባለ ሐኪም፤ በሽታው የሰውነቷን ውሃ አሟጦ ለሞት ላደረሳት አንዲት አሮጊት ጨውና ሶዳ ያለበት ውሃ በደም ሥሯ ቢያስገባላት ነፍስ ዘራች። እርሱ ዞር ካለ በኋላ ግን ሕመሙ አገረሸባትና በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሞተች። ከእርሷ በኋላ እንዲሁ ከታከሙት መካከል የዳኑ አሉ።

ዛሬ በየሐኪም ቤቱ የሚገኘው የጨው ውሃ በአንድ ሊትር 9 ግራም ጨው የያዘ ነው። ይህ ልክ እንዲያው በዘፈቀደ የተወሰነ አይደለም። የደም ቀይ ሕዋሳት ጨው በሌለበት ውሃ ውስጥ ሲገቡ ውሃውን እየሳቡ ያብጡና ይፈነዳሉ። ስለዚህ ምንም ያህል ከተሕዋስያን የጸዳ ቢሆን ባዶ ውሃ ብቻውን በብዛት ወደ ደም ሥር ቢገባ ይገድላል፤ ንጽሕናው አያድንም። ጨው ካለበትስ ምን ቸገረን እንዳይባል ደግሞ፤ በአንድ ሊትር 234 ግራም ጨው ያለበት ብርቱ መድኃኒት አለ፤ እርሱም በተለመደው ፋንታ በስሕተት ቢሰጥ ለሞት ያበቃል።

ቁስል ማጠብ ሌላ ነገር ነው። ቀላል ቁስል ለመጠጥ በሚሆን ንጹሕ ውሃ ቢታጠብ በጨው ውሃ ከታጠበው ይልቅ እንደማያመረቅዝ በምርመራ ታይቷል። እንግዲህ የጨው ውሃ አልቋል ብሎ ቁስለኛን ሳያጥቡ መመለስ አይገባም። ዳሩ ግን «ለማጠቢያ» ተብሎ የተዘጋጀው ጠርሙስ የጨው ልኩ ከሌላው ጋራ ትክክል ቢሆን እንኳ፤ ለደም ሥር የሚፈለገውን ምርመራ አላለፈምና ወደዚያ አይገባም። ከተከፈተ በኋላ የተረፈውም ይደፋል። ተሕዋስያንን የሚከለክል ነገር የለበትምና፤ ለነገ ይሆናል ብሎ ከድኖ ማስቀመጥ ቁጠባ አይደለም።

በዚህ ጉዳይ የሚሳሳት ያልተማረ ብቻ የሚመስለው ቢኖር በ2004 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ በሲያትል ከተማ የደረሰውን ይስማ። በአንድ የታወቀ ሐኪም ቤት አንዲት ሴት የአንጎሏን የደም ሥር ስትታከም፤ የጨው ውሃ፤ ለራጅ የሚረዳ ፈሳሽና ቆዳ ማጽጃ መድኃኒት ስም ባልተጻፈባቸው ዕቃዎች ቀርበው ነበር። ሦስቱም እንደ ውሃ የጠሩ ናቸው። ማጽጃው በራጁ ፈሳሽ ፋንታ ተወጋና ሴትዮዋ ከ19 ቀን በኋላ ሞተች። ሐኪም ቤቱ ጥፋቱን ሳይሸሽግ ለሕዝብ መግለጡ የሚመሰገን ነው። እኛን እጅግ ያስገረመን ግን፤ ቀድሞ ይሠራበት የነበረው ማጽጃ ቡናማ አዮዲን ሲሆን ቀለም በሌለው የተለወጠው በቅርቡ ኖሯል። ያ ቡናማ መልክ ማንም ሳያስበው ዘበኛ ሆኖ ኖሮ ነበር።

መድኃኒትን በሌላ መለወጥ የዋጋና የግዢ ነገር ብቻ መስሎ የሚታየው ሹም እዚህ ላይ ያስብበት። አዲሱ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት በእጃቸው የሚሠሩበት ነርሶች ይዩት፤ ከምን ጋራ እንደሚመሳሰልም ይናገሩ። በግምጃ ቤትም የማጠቢያውና የደም ሥሩ መደርደሪያ ይለያይ። ተማሪውም ፈሳሹን ከጠርሙሱ ወደ ሳሕን ወይም ወደ መርፌ ሲቀዳ ያን ጊዜውኑ ስሙን ይጻፍበት፤ በኋላ እጽፋለሁ ማለት አይበጅም። የጥያቄ ወረቀትም «ጉሉኮስ 100» ተብሎ ቢመጣ ሹሙ ሳይፈርም ይመልሰው፤ ስኳር ነው ወይስ ጨው፤ ልኩስ ስንት ነው፤ ለደም ሥር ነው ወይስ ለማጠቢያ፤ ተለይቶ ተጽፎ ይምጣለት።