የመኪናው ሆድ ጋሻ ይሻል

በክረምት ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚወስዱትን የአፈር መንገዶች ያስተዋለ ሰው፣ ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ጥቁሩን ድንጋይ አግጥጦ እንደሚተወው ያውቃል። ጎማ የቦረቦረው መሄጃ በጠለቀ ቁጥርም የመኪናው ሆድ ወደ መሐለኛው ጉብታ ይቀርባል።

የሚያሳስበን የሞተር ዘይት መያዣው ነው። ድንጋይ ከሰነጠቀው ዘይቱ ይፈስሳል፤ ፓምፑ አየር ይስባል፤ ብረት ከብረት ተፋትጎ ሞተሩ ይጣበቃል። መኪናው አምቡላንስ ከሆነ በምጥ የተያዘች እናት መንገድ ላይ ትቀራለች።

ብዙ መኪኖች ከፋብሪካ ይዘውት የሚመጡት ስስ ሽፋን ጭቃና ጠጠር ቢመልስም የመኪናውን ክብደት የሚያሳርፍበትን ድንጋይ አይችልም። ስለዚህ ከሞተሩ ሥር ጠንካራ የላሜራ ጋሻ ያስፈልጋል። ጋሻው በቡሎን ከሻሲው ጋር ይታሰር፤ የዘይት መያዣውን ግን አይንካ፤ ከነካው ምቱን ያስተላልፍበታልና። ለዘይት መቀየሪያና ለአየር የሚሆኑ ቀዳዳዎችም ይኑሩት።

የብረት እፍጋት 7.85፣ የአሉሚኒየም 2.7 ግራም በሴንቲሜትር ኩብ ነው። በእኩል ክብደት አሉሚኒየሙ ሦስት እጥፍ ያህል ይወፍራል፤ የሰሌዳ ግትርነት በውፍረቱ ኩብ ስለሚያድግም ከብረቱ ይልቅ ለመጉበጥ ያስቸግራል። ሆኖም ብረት ስለታም ድንጋይ በቀላሉ አይቧጭረውም፤ በየከተማው ጋራዥም ይበየዳል። ስለዚህ ለገጠሩ ብረትን እንመርጣለን።

የፊት መከላከያ ለዓይን ስለሚታይ አይረሳም። መኪና የሚገዙ መሥሪያ ቤቶች የማይታየውንም ጋሻ በግዢ ዝርዝራቸው ያስገቡት፤ የቴክኒክ ተማሪዎችም ለክተውና ቆርጠው ይሥሩት እንላለን።