ለይቶ ማቆየት ሌላ፣ ማግለል ሌላ

 

ሰሞኑን አንድ ወጣት ትኩሳትና ራስ ምታት ብሎ መጣ። "በቅርቡ ከአዲስ አበባ ወጥተህ ነበር?" አልኩት። "አይ፣ የትም አልሄድኩም" አለኝ። ምርመራ ጽፌለት ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆም አለና "ዶክተር፣ እውነቱን ብነግርህ ለሰው ትናገራለህ?" ብሎ ጠየቀኝ። ለካ ጋምቤላ ለሥራ ቆይቶ ከመጣ ገና 10 ቀኑ ነው። ደሙ ሲታይ ወባ ሆኖ ተገኘ። ለምን እንደደበቀኝ ስጠይቀው፣ አብረውት የሚኖሩት ልጆች "ከዚያ የመጣ ሰው በሽታ ይዞ ነው የሚመጣው" ሲሉ ሰምቶ እንደፈራ ነገረኝ።

አልተቆጣሁትም። ሰው ለምን እንደሚደብቅ በደንብ አውቃለሁ። አንዴ ሰው እንዲደብቅ ካደረጉት ውስጥ አንዱ እኔ ነበርኩ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚያ ነው። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ጥር 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የቻይናዋ ውሃን ከተማ ተዘጋች። 11 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ መውጫ መግቢያ አጣ። ከዚያ ሕዝብ መሀል በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ነበሩ። አንዷ የአክስቴ ልጅ ናት። በእኛ ቤት የአክስት ልጅ የሚባል ነገር የለም፣ እህቴ ናት። ማስተርሷን ልትማር ከሄደች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነበር።

ያኔ ቻይና ለአፍሪካ ተማሪዎች ትልቅ በር ነበረች። በፈረንጆቹ 2018 ብቻ ከ80 ሺህ በላይ አፍሪካውያን ተማሪዎች እዚያ ይማሩ ነበር። በር ሲዘጋ ግን ሁሉም እኩል አልተዘጋበትም። ሞሮኮ፣ አልጄሪያና ግብጽ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አውሮፕላን ልከው ዜጎቻቸውን አወጡ። ደቡብ አፍሪካም በመጋቢት አወጣች። የእኛዎቹ እዚያው ቆዩ። ዶርማቸው ውስጥ ሆነው ምግብ ይመጣላቸዋል፣ ሙቀታቸው ይለካል፣ ትምህርት በኢንተርኔት ይቀጥላል። ማታ ማታ ደግሞ ከእናት ጋር ቪዲዮ ጥሪ።

እዚህ ደግሞ ክርክሩ ጦፏል፤ "ይምጡ" የሚል አለ፣ "እዚያው ይቆዩ፣ እኛን እንዳይጨርሱን" የሚል አለ። እኔ ያኔ የአራተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነኝ። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳየው ሁለቱም ወገን የሚለው ነገር ነበረው። በጥር ወር ቫይረሱን እዚህ መመርመር ገና አልጀመርንም ነበር። ከቻይና ሲመለሱ ቦሌ ላይ የተለዩት ተማሪዎች ናሙና የተላከው ደቡብ አፍሪካ ነው። ስለዚህ መንግሥት ቢጠነቀቅ አይፈረድበትም፣ ልጇ የተዘጋባት እናት ብታለቅስም አይፈረድባትም። ሁላችንም የረሳነው አንድ ጥያቄ ነበር፦ ሲመጡስ እንዴት ነው የምንቀበላቸው?

ውሃን ከ76 ቀን በኋላ መጋቢት 30 ቀን 2012 ተከፈተች። የሚገርመው እኛ አገር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀው በዚያው ዕለት ነው። እህቴ ስልክ ላይ "እኔ ስወጣ እናንተ ገባችሁ" ብላ ሳቀችብን።

ግንቦት ላይ በጓንዡ በኩል መጣች። መምጣቱም ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ቻይና ከመጋቢት 19 ጀምሮ ለውጭ አገር ሰው ድንበሯን ዘግታለች። የወጣ ተማሪ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። በኋላ እንዳየነው በሩ ለተማሪዎች እንደገና የተከፈተው ነሐሴ 2014 ላይ ነው፤ ከሁለት ዓመት በላይ ማለት ነው። ላብራቶሪዋን፣ ዕቃዋን፣ ግማሽ የጀመረችውን ጥናት ትታ ነው የመጣችው። ቦሌ እንደደረሰች በወቅቱ ሕግ መሠረት 14 ቀን ሆቴል ውስጥ በራሷ ወጪ ተለይታ ቆየች። ተመረመረች፣ ነፃ ነሽ ተባለች፣ ወረቀቷን ይዛ ወደ ቤት መጣች።

ቤታችን ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ነው። እኔም ዩኒቨርሲቲ ሲዘጋ እዚያው ነበርኩ፣ ከአክስቴ ጋር አንድ ግቢ ነን። አክስቴ ዶሮ ሠርታ ትጠብቃለች። እህቴ ሻንጣዋን ይዛ ሊፍቱ ጋ ስትደርስ ጥበቃው "እሷ በደረጃ ትሂድ ተብሏል" አለ። ማን እንዳለ አይታወቅም፣ በቃ "ተብሏል" ነው። ዘጠነኛ ፎቅ ድረስ ሻንጣ ተሸክማ ወጣች። እኔ ስድስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ቆሜ እጄን አውለበለብኩላት። ሻንጣውን አልተቀበልኳትም።

በማግስቱ የሕንፃው ኮሚቴዎች እኔ ጋ መጡ። "አንተ የሕክምና ተማሪ ነህ፣ ምን ትላለህ? ልጅቷ ከሰው ጋር ብትቀላቀል ችግር የለውም?" አሉኝ።

መልሱን አውቀው ነበር። የዚያን ጊዜው ቫይረስ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክት ለማሳየት በአማካይ 5 ቀን ገደማ ይወስድበታል። ምልክት ከሚያሳዩት ሰዎች 97 በመቶ የሚሆኑት እስከ 11 ቀን ተኩል ባለው ጊዜ ያሳያሉ። 14 ቀን የተባለው ለዚህ ነው። ቆይታዋን የጨረሰችና ተመርምራ ነፃ የተባለች ልጅ፣ ያኔ ከሕንፃው ነዋሪዎች ሁሉ በጣም አነስተኛ ሥጋት ያላት ሰው ነበረች። በየቀኑ ሜክሲኮ ታክሲ ተጋፍተን የምንመለሰው እኛ ነበርን የምናሰጋው።

ይሄንን ማለት ነበረብኝ። ግን ፈራሁ። ነገ አንድ ሰው ቢታመም "ዶክተር ነኝ ባዩ ነው ያስገባት" እንዳይሉኝ ፈራሁ። "ለጥንቃቄ ሌላ 14 ቀን ቤት ብትቆይ አይከፋም" አልኳቸው። እነሱም ደስ ብሏቸው ሄዱ። ሳይንስ ያላለውን ነገር በሕክምና ተማሪነቴ ማኅተም መታሁበት።

በስድስተኛው ቀን እህቴ እምብርቷ አካባቢ ሕመም ጀመራት። ከዚያ ወደ ታች፣ ወደ ቀኝ ዞረ። ምግብ ዘጋት፣ ትኩሳት መጣ። ለማንም አልተናገረችም። ትኩሳት አለብኝ ብትል ምን እንደሚባል ታውቃለቻ! ፓራሲታሞል እየዋጠች፣ በሯን ዘግታ ተኛች። አክስቴ በሦስተኛው ሌሊት ስታቃስት ሰምታ ገባች። ከዚያ እኔ ጋ ደወለች፦ "ና ልጄ፣ ልጄን አድንልኝ። አንተ ሐኪም አይደለህም እንዴ?"

ሆስፒታል ስንደርስ ትርፍ አንጀቷ ፈንድቷል። በጊዜ ብትመጣ ቀለል ባለ ቀዶ ሕክምና በሁለት በሦስት ቀን ወደ ቤቷ ትመለስ ነበር። ሆዷ ውስጥ መግል ስለተሰራጨ 9 ቀን ተኛች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳነች።

አልጋዋ ላይ ሆና የነገረችኝን አልረሳውም። "ውሃን ተዘግቶብኝ እንኳ እንደዚህ አልፈራሁም። እዚያ በየቀኑ ሙቀቴን የሚለካ ሰው ነበር። ቤቴ ገብቼ ሙቀቴን ደበቅሁ።"

እንግዲህ የኔ አቋም ይኼ ነው፦ ለይቶ ማቆየት ሕክምና ነው፣ ማግለል ግን በሽታ አስፋፊ ነው። ለይቶ ማቆየት መነሻ ቀን አለው፣ ማብቂያ ቀን አለው፣ ምክንያት አለው። ማግለል ማብቂያ ቀን የለውም፣ "ተብሏል" ነው ምክንያቱ። ለይቶ ማቆየት ሰውን በዓይን ሥር ያደርጋል፣ ሲያመው ቶሎ እንዲታወቅ። ማግለል ደግሞ ከዓይን ያጠፋዋል፣ ሲያመው እንዲደብቅ ያደርገዋል። የደበቀ ሰው ራሱም ይጎዳል፣ በሽታው ተላላፊ ከሆነ ደግሞ ለሌላውም ይተርፋል።

"ዶክተር፣ ሰው ቢፈራ ምን ይገርማል?" የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አይገርምም። መፍራት ጤናማ ነገር ነው። ጥያቄው ፍርሃታችን ትክክለኛውን ቦታ ይመታል ወይ ነው። ሁላችንም ከቻይና የሚመጣውን አውሮፕላን ስናይ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ይፋ የተደረገው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ታማሚ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት አዲስ አበባ ውስጥ የውጭ አገር ሰው ሲያዩ "ኮሮና! ኮሮና!" የሚሉ በዝተው፣ የአሜሪካ ኤምባሲ ለዜጎቹ የደህንነት ማስጠንቀቂያ እስከማውጣት ደረሰ። ወር ሳይሞላ ደግሞ ጓንዡ ውስጥ አፍሪካውያን "ቫይረስ ይዛችኋል" ተብለው ከተከራዩት ቤትና ከሆቴል ተባረሩ፣ ሻንጣቸውን ይዘው መንገድ ላይ አደሩ። እኛም ያንን ቪዲዮ እያየን ተቆጣን፣ ልክም ነበርን። እህቴን በደረጃ ያስወጣት ሰው ራሱ ያንን ቪዲዮ ሼር አድርጎ ሊሆን ይችላል። እኔ አድርጌአለሁ።

ይኼ ያለፈ ታሪክ እንዳይመስላችሁ። ግንቦት 2017 ላይ ሞያሌ ውስጥ የዝንጀሮ ፈንጣጣ፣ ኅዳር 2018 ላይ ደግሞ ጂንካ ውስጥ የማርበርግ ቫይረስ በሽታ መገኘቱ ተረጋግጧል። ነገ ሌላ ስም ያለው ሌላ በሽታ ይመጣል። ከዚያ አካባቢ የሚመጣ ተማሪ፣ ሹፌር፣ ነጋዴ ይኖራል። ቤታችን፣ ሕንፃችን፣ መሥሪያ ቤታችን ይመጣል። ያኔ ምን እናድርግ?

1. ቀኑን ቁጠሩ። "ከዚያ አካባቢ የወጣኸው መቼ ነው? የታመመ ሰው ነክተሃል?" ብላችሁ በጨዋ ደንብ ጠይቁ። የመቆያው ጊዜ እንደ በሽታው ይለያያል። ለማርበርግና ለዝንጀሮ ፈንጣጣ እስከ 21 ቀን ነው። ለኮቪድ ያኔ የነበረው የ14 ቀን ሕግ አሁን አይሠራም። ስለዚህ የቀኑን ቁጥር ከጤና ባለሙያ እንጂ ከቲክቶክ አትውሰዱ።

2. ተለይቶ እንዲቆይ የተነገረው ሰው ካለ ርቀታችሁን በአካል ጠብቁ፣ በስልክ ግን ቅረቡት። ምግብ በር ላይ አድርሱለት። በቀን አንዴ ደውላችሁ "ሙቀትህ እንዴት ነው? እንቅልፍስ?" በሉት።

3. ትኩሳት ወይም ሌላ ምልክት ከመጣ ታክሲ ከመያዙ በፊት ወደ 8335 ደውሉ። የኢትዮጵያ የህብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነፃ የስልክ መስመር ነው።

4. ከበሽታ አካባቢ የመጣ ሰው ሁሉ ሕመሙ ያ በሽታ ነው ማለት አይደለም። ትርፍ አንጀትም፣ ወባም፣ ታይፎይድም አለ። ከእምብርት ጀምሮ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆድ የሚዞር ሕመም ካለ በማስታገሻ አትሸፍኑት፣ በዚያው ቀን ታዩ።

5. ለሐኪም ጉዞአችሁን አትደብቁ። ሐኪም ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። "የት ነበርክ?" የምንላችሁ ልንፈርድባችሁ ሳይሆን ምን እንደምንመረምር ለማወቅ ነው።

6. ቀኑ ካለቀ አልቋል! "ለጥንቃቄ" እያላችሁ አትጨምሩ። ሊፍት ውስጥ አብራችሁ ግቡ፣ ሻንጣውን ተቀበሉት። ከተመለሰ በኋላ ከአንድ ወር በላይ እንቅልፍ እምቢ ካለው፣ የሚያስበረግገው ከሆነ፣ ወይም ከሰው ከራቀ ደግሞ የአእምሮ ጤና አገልግሎት ወዳለበት ሆስፒታል ይዛችሁት ሂዱ።

እህቴ ትምህርቷን በኢንተርኔት ጨርሳ እዚሁ ተመረቀች። አሁን ሥራ ላይ ናት፣ ደህና ናት። አንድ ቀን ግን ያንን "አይከፋም" ያልኩትን ነገር ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና "አውቄአለሁ፣ ኮሚቴዎቹ ያኔውኑ ለእማዬ ነግረዋታል" አለችኝ። ለዓመታት አውቃ አንድም ቀን አላነሳችብኝም። ይቅርታ ጠየቅኋት። "በል፣ ሌላ ሰው ሲመጣ እንደዛ እንዳትል" አለችኝ።

ይኸው፣ ለእናንተም እያልኩት ነው።

እናንተስ በኮሮና ጊዜ ከውጭ ወይም ከክፍለ አገር ስትመለሱ ሰፈራችሁ እንዴት ተቀበላችሁ? ወይስ እንደ እኔ ደረጃ ላይ ቆማችሁ ነበር? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ አነባለሁ። ለሕንፃችሁ የቴሌግራም ግሩፕም ሼር አድርጉት።

ቸር ያሰማን፣ ጤናችሁ ይብዛ!