የአምስት ሰዓት እንግዳና የተራራው ገበሬ

ከአዲስ አበባ ማለዳ በአውቶቡስ ተነሥቶ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ተራራ መውጣትና ማታ ወደ ቤት መመለስ በከተማው ነዋሪ ዘንድ እየተለመደ የመጣ ነገር ነው። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች፣ የተማሪዎች ክበባትና የዕድር አባላት ገንዘብ አዋጥተው አውቶቡስ ይከራያሉ፤ ቅዳሜን ወይም እሑድን መርጠው እንጦጦን፣ ወጨጫን፣ ራቅ ሲሉም ወንጪን አይተው ይመለሳሉ። ስለ ጉዞው በከተማው በኩል ብዙ ይወራል። በተራራው ላይ ስለሚኖረው ገበሬ ግን እምብዛም የሚነሣ ነገር የለም። አውቶቡሱ መጥቶ ሲሄድ በገበሬው ደጅ ምን ትቶ ይሄዳል? ይህን ጥያቄ ከማንም በፊት ሊያነሡት የሚገባቸው የቀበሌና የገበሬ ማኅበር መሪዎች ናቸው።

ወንጪን በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። ስፍራው በደቡብ ምዕራብ ሸዋ፣ ወሊሶን ከአምቦ በሚያገናኘው መንገድ ላይ ይገኛል። ከአዲስ አበባ እስከ ወሊሶ 114 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከዚያ ወዲያ መንገዱ ከጅማው አውራ ጎዳና ተገንጥሎ ደጋውን ይወጣል። ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የተራራው አናት ጥንት በእሳተ ገሞራ የጎደጎደ ነው፤ በጉድጓዱ ውስጥ ሐይቅ፣ በሐይቁ ውስጥ ደሴት፣ በደሴቱም ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ገደሉን ተከትለው እንሰት፣ ገብስና ድንች የሚያለሙ ገበሬዎች ይኖራሉ። እንግዳው የሚያየው መልክዓ ምድር የእነዚሁ ገበሬዎች ማሳ ጭምር ነው።

አሁን ሰዓቱን መቁጠር ያስፈልጋል። ከንጋቱ 12 ሰዓት የተነሣ አውቶቡስ፣ መንገዱ ሰላም ሆኖ በቱሉ ቦሎ ወይም በወሊሶ ለቁርስ ቆም ብሎ ሲያልፍ፣ ተራራው ላይ የሚደርሰው ወደ 4 ሰዓት ገደማ ነው። ሳይመሽ አዲስ አበባ ለመግባት 9 ሰዓት ላይ መንቀሳቀስ አለበት። ስለዚህ የቀን እንግዳ ማለት የአምስት ሰዓት እንግዳ ማለት ነው። በእነዚህ አምስት ሰዓቶች ውስጥ ተዘጋጅቶ ያልጠበቀ መንደር የሚያገኘው የላስቲክ ጠርሙስና የብስኩት ወረቀት ብቻ ይሆናል። እንግዳው ክፉ ሆኖ አይደለም። የሚገዛው ነገር ሳያገኝ፣ ከከተማ በሳጥን ያመጣውን በልቶ፣ በኪሱ የያዘውን ገንዘብ መልሶ ይዞት ይሄዳል።

ሥርዓት በሌለበት ቦታ የሚታየው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። የአውቶቡሱ በር ሲከፈት ፈረስ አከራዩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጎርፋል፤ አንዱ የሌላውን እንግዳ ይጎትታል፤ ዋጋው በአፍ ይጠራና በመንገድ ላይ ይቀየራል። ጉልበትና ምላስ ያለው ሦስት ጊዜ ሲያከራይ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ፈረሷን ይዛ ዳር ቆማ ትውላለች። በወንጪ ገበሬዎች በ1990ዎቹ ዓ.ም. በማኅበር ተደራጅተው ፈረስ፣ ጀልባና መንገድ መሪ በተራ ማቅረብ መጀመራቸው ለዚህ ችግር የተሰጠ መልስ ነበር። አሠራሩ ውስብስብ አይደለም። ስም የሚጻፍበት መዝገብ፣ በግልጽ ቦታ የሚለጠፍ የዋጋ ሰሌዳ፣ ተራ የሚጠራ አንድ ታማኝ ሰውና በየወሩ ለአባላት የሚነበብ ሒሳብ ይበቃል። ከአራቱ ቶሎ የሚጓደለው የመጨረሻው መሆኑን ማንም የማኅበር ሊቀ መንበር ያውቀዋል።

ፈረሱን በተመለከተ አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። ፈረሶች ሁሉ አውቶቡሱ በሚቆምበት አናት ላይ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። እንግዳው ግን ጠዋት ቁልቁል ሲወርድ ትኩስ ጉልበት አለው፤ በእግሩ መሄድን ይመርጣል። የሚቸገረው ሲመለስ ነው። በከተማ ወንበር ላይ የሚውል ሰው በዚያ ከፍታ ዳገቱን ሲጀምር ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ያን ጊዜ ፈረስ ቢያገኝ አይከራከርም። ከፈረሶቹ ገሚሱ ከረፋዱ ጀምሮ ከታች ሐይቁ ዳር ቢጠብቁ ሥራውም ይበዛል፣ ፈረሱም ባዶውን የሚመላለሰው መንገድ ይቀንሳል። አንድ ፈረስ በቀን ስንት ጊዜ ዳገቱን እንደሚወጣ ማኅበሩ ሊወስን፣ ጀርባው የተገጠበ ፈረስም እስኪድን ድረስ ከተራ ሊወጣ ይገባዋል። ቁስል ያለበት ፈረስ ላይ የተቀመጠ እንግዳ ሁለተኛ አይመጣም፤ ቢመጣም የፈረሱ ስቃይ በራሱ በቂ ምክንያት ነው።

ምግቡም እንዲሁ ነው። ስድሳ ሰው የያዘ አውቶቡስ ስድሳ የተራበ ሰው ይዞ ነው የሚመጣው። ትኩስ ቆጮ፣ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ፣ የገብስ ቆሎ፣ ማርና እርጎ ከመንደሩ ሳይወጡ የሚገኙ ናቸው። በጾም ቀን ቅቤውን መተው መቼም ለማንም አይነገርም። ይህ ሥራ በአብዛኛው የሴቶች በመሆኑ ገንዘቡ በቀጥታ ወደ ቤት ይገባል፤ ከፈረስ ኪራይ የሚገኘው ግን አንዳንዴ ቤት ሳይደርስ ጠጅ ቤት ይቀራል። ይህን የሚክዱ መሪዎች ካሉ ሚስቶቻቸውን ይጠይቁ።

እንግዳው የሚበዛበት ወራት ከአደይ አበባ እስከ ጥር ያለው ደረቅ ጊዜ ነው። የገብሱ አጨዳና ውቂያም የሚደርሰው በዚሁ መካከል ነው። አውድማ ላይ የሚያበራየው ፈረስ እንግዳ የሚያመላልሰው ፈረስ ነው። የዕለት ብር ዓይኑን የሳበው ገበሬ አዝመራውን ዝናብና አይጥ ላይ ጥሎ አውቶቡስ ሲጠብቅ ከዋለ፣ በክረምት መንገዱ በጭቃና በጉም ተዘግቶ እንግዳ ሲጠፋ ቤተሰቡ የሚበላው ምን ይሆናል? ለዚህ ነው ተራው ከእርሻው የጊዜ ሰሌዳ ጋር ተገናዝቦ መውጣት ያለበት። እህሉ ያልገባለት አባል ተራው ሳይቃጠልበት ለሌላ ሳምንት ይተላለፍለት።

መንገዱም የእርሻ ጉዳይ ነው። በፈረስ ኮቴ የተቦረቦረ የእግር መንገድ በመጀመሪያው ዝናብ የጎርፍ መውረጃ ይሆናል፤ በሦስተኛው ክረምት ቦይ፣ ከዚያም ቦረቦር ሆኖ የጎረቤትን ማሳ ይበላል። በየዓመቱ በበጋ በሚካሄደው የአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ እርከን ሲሠራ ይህ መንገድ ሊዘነጋ አይገባም። በድንጋይ ደረጃ መያዝ፣ ውኃውን ወደ ጎን ማውጣት፣ አንዱ መንገድ ሲያገግም በሌላው መጠቀም ይቻላል። ወጪው ከኪራዩ ቢሸፈን ፍትሐዊ ነው፤ መንገዱን የቆፈረው ፈረሱ ነውና።

በየተራራው ያለው ሁኔታ አንድ ዓይነት አይደለም። በወጨጫ ተዳፋት ላይ ባለው የመናገሻ ሱባ ደን፣ ታሪኩ እስከ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በሚወሰደው በዚያ የጥድ ጫካ፣ እንግዳው በር ላይ ይከፍልና ይገባል፤ ከደኑ ዳር ያለው ገበሬ አውቶቡሱን ሲያልፍ ያየዋል። ደኑ ሲቃጠል እሳት ለማጥፋት የሚጠራው ግን ይኸው ገበሬ ነው። በእንጦጦም በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ መናፈሻው እስከ ተከፈተበት ጊዜና ከዚያ በፊት ለብዙ ዘመን፣ አየር ለመቀበል የሚወጣው ከተሜና የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች በአንድ መንገድ ሲተላለፉ ኖረዋል።

ወንጪ በ2014 ዓ.ም. በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል። በገበታ ለሀገር ፕሮጀክትም መንገድና ማረፊያ ተሠርቶለታል። ጥሩ መንገድ እንግዳን ቶሎ እንደሚያመጣ ሁሉ ቶሎ ይመልሳል። ትልቅ ማረፊያ ደግሞ የራሱ ወጥ ቤት፣ የራሱ አስጎብኚና የራሱ ጀልባ ሊኖረው ይችላል። ማኅበሩ ድንቹን፣ እንቁላሉንና ማሩን ለማን፣ በስንት እንደሚያስረክብ፣ የመንደሩ ልጆች በየትኛው ሥራ እንደሚቀጠሩ በጽሑፍ ካልተዋዋለ በቃል የተሰጠ ተስፋ አለቃው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። መሬት የሚወሰድ ከሆነም ለሕዝብ ጥቅም መሬት ስለሚለቀቅበት፣ ካሣ ስለሚከፈልበትና ተነሺዎች ስለሚቋቋሙበት ሁኔታ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 አለ። የማኅበር መሪ ይህን አዋጅ ከጠበቃ አፍ ሳይሆን በራሱ ዓይን አንብቦ ለጉባኤው ሊያስረዳ ይገባዋል።

ልጆችን በሚመለከት፣ አውቶቡስ የሚመጣው በአብዛኛው ቅዳሜና እሑድ ስለሆነ ትምህርት የሚያስቀር ምክንያት የለም። ከአውቶቡስ ኋላ እየሮጡ ብርና እስክሪብቶ የሚለምኑ ልጆች ሲታዩ ጥፋቱ የልጆቹ ሳይሆን ሥርዓቱን ሳያበጁ የቀሩት የአዋቂዎቹ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ወጣት ስለ ደሴቱ፣ ስለ ሐይቁና ስለ እንሰቱ ተረክቶ ቢያስጎበኝ ለምኖ ከሚያገኘው ይበልጥ በላቡ ያገኛል፤ ታናናሾቹም የሚያዩትን ይከተላሉ።

ለጊዜው ግን በጣም ቀላሉ ሥራ ገና አልተሠራም። አውቶቡስ ተከራይተው የሚመጡት ማኅበራት አስተባባሪ አላቸው፤ አስተባባሪው ስልክ አለው። የተራ አስከባሪው ቁጥር በየአዳራሹና በየመሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ፣ ዓርብ ማታ ስንት ሰው እንደሚመጣ ይታወቃል፤ ቆጮው በልክ ይጋገራል፣ ፈረሶቹም በልክ ይወርዳሉ።