«የግዛቶች መብት» ወይስ የባሪያ ጌትነት?

የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ከ1861 እስከ 1865 ዓ.ም. ድረስ (ዓመቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ስላደረጉት የርስ በርስ ጦርነት በተወሳ ቁጥር፥ «ጦርነቱ የተነሣው ስለ ግዛቶች መብትና ስለ ቀረጥ እንጂ ስለ ባርነት አይደለም» የሚል ቃል ደጋግመን እንሰማለን። ይህን የሚሉት የደቡብ ግዛቶች ልጆች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ፥ ለአባቶቻቸው ስም ተቈርቍረው ነው ብለን ባለፍነው ነበር። ነገር ግን ከእኛም መካከል የተማሩ ሰዎች ይህንኑ እንደ ጥልቅ ዕውቀት ሲያስተጋቡት ስለምናገኝ፥ ዝም ማለት አልተቻለንም።

ከሩቅ ምስክር አንጠራም፤ ተገንጣዮቹ ራሳቸው ይመስክሩ። አብርሃም ሊንከን በ1860 ዓ.ም. በተመረጡ ጊዜ በዚያ አገር ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በባርነት ይኖር ነበር። ከምርጫው በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላ ደቡብ ካሮላይና ከኅብረቱ ወጣች፤ የመውጣቷንም ምክንያት በጽሑፍ ስትገልጽ፥ የሰሜን ግዛቶች የኮበለሉ ባሮችን አንመልስም ማለታቸውን አጥብቃ ከሰሰች። ሚሲሲፒም ተከትላ፥ አቋሟ ከባርነት ጋር ፈጽሞ የተሳሰረ መሆኑን ያለ አንዳች ኀፍረት አስታወቀች። የአዲሱ መንግሥት ምክትል ፕሬዚዳንት አሌክሳንደር ስቲቨንስ ደግሞ በማርች 1861 ዓ.ም. በሳቫና ከተማ ባደረገው ንግግር፥ የመንግሥታቸው መሠረት ጥቁር ሰው ከነጭ ጋር እኩል አይደለም የሚለው ሐሳብ መሆኑን ለሕዝብ ተናገረ። ታዲያ ባለጉዳዩ ያመነውን ነገር ጠበቃው የሚክደው ስለ ምን ነው?

«የግዛቶች መብት» የሚለውንም ቃል እንመርምረው። በ1850 ዓ.ም. የወጣው ስለ ኮብላይ ባሮች የሚናገረው ሕግ፥ የሰሜን ሰው ሳይወድ በግድ የኮበለለውን በማሳደድ እንዲረዳ ያዝዝ ነበር። የተያዘው ሰው ስለ ራሱ መመስከር አይፈቀድለትም። ጉዳዩን የሚሰማው ሹም ሰውየውን ለጌታው ቢመልስ 10 ዶላር፥ ነጻ ቢለቀው 5 ዶላር ይከፈለው ነበር። (ፍርድን በገበያ ዋጋ መሸጥ ከዚህ የበለጠ በግልጽ ተጽፎ አላየንም።) የዊስኮንሲን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህ ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይስማማም ባለ ጊዜ፥ ለግዛቶች መብት የሚሟገተው የደቡብ ጌታ ወዴት ነበረ? በኋላም የራሳቸውን ሕገ መንግሥት ሲጽፉ፥ ምክር ቤታቸው በጥቁር ባሪያ ላይ ያለውን የባለቤትነት መብት የሚነካ ሕግ እንዳያወጣ ከለከሉ። መብቱ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ሰውን እንደ ከብት የመያዝ መብት ነው።

ሰሜኑን ጻድቅ ለማድረግ አንደክምም። ፋብሪካዎቹ የሚፈትሉት ጥጥ ባሮች የለቀሙት ነበር። ሊንከንም ጦርነቱን የጀመሩት ኅብረቱን ለማዳን ሲሆን፥ የጃንዋሪ 1 ቀን 1863 ዓ.ም. ዐዋጃቸው ነጻ ያወጣው በዐመፁት ክፍሎች ያሉትን ብቻ ነው። ለኅብረቱ ጦር የዘመቱት 180 ሺህ ያህል ጥቁር ወታደሮች እንኳ መጀመሪያ ከነጩ ያነሰ ደመወዝ ይሰጣቸው ነበር። የማሳቹሴትስ 54ኛ ሬጅመንት ሰዎች ጐዶሎውን አንቀበልም ብለው ያለ ደመወዝ ተዋጉ። ከ600 ሺህ በላይ ወታደር ካለቀ በኋላ በ1865 ዓ.ም. ባርነት በሕገ መንግሥት ተሻረ።

ነገሩ ከደጃችን የራቀ የሚመስለው ይሳሳታል። በጦርነቱ ምክንያት የአሜሪካ ጥጥ ሲታገድ የግብፅ ጥጥ ዋጋው ናረ፤ ከጦርነቱም በኋላ ኬዲቭ ኢስማኢል ከሁለቱም ወገን የነበሩ የአሜሪካ መኮንኖችን ቀጠረ። ለደቡብ የተዋጋው ጄኔራል ሎሪንግ በ1876 ዓ.ም. ጉራ ላይ ከራቲብ ፓሻ ጋር ሆኖ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛን ሊወጋ መጥቶ ድል ሆኖ ተመልሷል።

ደግሞም ለምን ይህ ክርክር ከእኛ መካከል ወዳጅ እንዳገኘ እናውቃለን። በአገራችን ባርነትን ፈጽሞ የሻረው ዐዋጅ የወጣው በ1942 ዓ.ም. ነው። «የእኛ ባሮች እንደ ቤተሰብ ነበሩ» የሚለውን ቃል በልጅነታችን ያልሰማ ከመካከላችን ማን አለ? ያንኑ ቃል የሚሲሲፒም ጌቶች ይናገሩት ነበር። ተከራካሪዎቻችን መጀመሪያ የተገንጣዮቹን ጽሑፍ ያንብቡ፤ ከዚያም ቀረጥ የሚለው ቃል ስንት ጊዜ፥ ባሪያ የሚለው ስንት ጊዜ እንደ ተጻፈ ቈጥረው ይምጡ፤ እንጠብቃቸዋለን።