የባጃጅ ትውልድ ከወዴት ነው?

በቢቸናና በሞጣ አገር፣ ስሟን ከረቡዕ ገበያ ባገኘችው በሮብ ገበያም ሆነ በሌሎቹ የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች፣ ባለሦስት ጎማዋ ባጃጅ ሰውንና የእህል ጆንያን አንድነት ጭና ስትጓዝ ማየት የተለመደ ነገር ሆኗል። ቀድሞ የበቅሎና የአህያ ድርሻ ከነበረው ሥራ ብዙው ዛሬ ወደ እርሷ አልፏል። ሕዝቡም የፋብሪካውን ስም ለዕቃው ሰጥቶ «ባጃጅ» ይላታል፤ የሕንድ ሥራ መሆኗንም ማንም ያውቃል። የትውልድ ሐረጓን ወደ ኋላ ብንቆጥር ግን የምንደርሰው ከኢጣልያ ነው። ይህን የምናነሣው ለጨዋታ ያህል አይደለም፤ አገራችን አሁን ከቆመችበት ምርጫ ጋራ የተያያዘ ስለሆነ ነው። (የውጭ አገሩን ታሪክ ዓመታት የምንጽፈው በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

እንደሚታወቀው ኢጣልያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የወጣችው ተሸንፋ ነው። በፖንቴዴራ የነበረው የፒያጆ ፋብሪካ አይሮፕላን ይሠራ ነበርና በቦምብ ተደበደበ። ባለቤቱ ኤንሪኮ ፒያጆ፣ ለሕዝቡ የሚያስፈልገው በርካሽ ዋጋ የሚገኝ መጓጓዣ መሆኑን ተረድቶ፣ ሥራውን ኮራዲኖ ዳስካኒዮ ለተባለ የአይሮፕላን ኢንጂነር ሰጠው። የሚያስገርመው ነገር፣ ይህ ሰው ሞተር ብስክሌትን የማይወድ መሆኑ ነው። ሰንሰለቱ ልብስ ያበላሻል፤ ጎማው ሲተነፍስ መለወጡ ያስቸግራል፤ ለመውጣትም እግርን አንሥቶ መሻገር ግድ ነው እያለ ይነቅፈው ነበር። እንግዲህ የሚጠላውን አንድ በአንድ አስወገደ። ሞተሩን ከኋለኛው ጎማ ጋራ አገናኝቶ ሰንሰለቱን አስቀረ፤ ማርሹን ወደ እጅ መያዣው አመጣ፤ የፊተኛውንም ጎማ እንደ አይሮፕላን ማረፊያ እግር በአንድ ጎን ብቻ አንጠለጠለው። በ1946 ዓ.ም. የወጣችው ይህች መኪና ቬስፓ፣ ማለት ተርብ ተባለች። በ1948 ደግሞ ከኋላዋ ሁለት ጎማና የዕቃ መጫኛ ተጨምሮላት አፔ፣ ማለት ንብ ሆነች። የኛይቱ ባጃጅ የዚህች ንብ ልጅ ናት።

የሕንዱ ኩባንያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከፒያጆ ፈቃድ አግኝቶ መሥራት ጀመረ። ፈቃዱ በ1971 ሲያበቃ ፋብሪካውን አልዘጋም፤ የተማረውን ይዞ በገዛ ስሙ ቀጠለ፤ ዛሬም ባለሦስት ጎማ በመሥራት ከዓለም አንደኛ ነው። ይህ ሊደነቅ የሚገባው ነው። ሆኖም አንድ ነገር ልብ እንበል። የ1946ቱ ቬስፓ የጎማ ቸርኬ ስፋት 8 ኢንች ነበረ፤ በሮብ ገበያ የምናያትም ባጃጅ የምትሄደው በ8 ኢንች ነው። ያ ትንሽ ጎማ ለኢጣልያ የከተማ ጎዳና የተሰጠ መልስ ነበረ። በክረምት ዋልካው ጥቁር አፈር ሲላቁጥ ባጃጅዋ እስከ ሆዷ ብትሰምጥና ተሳፋሪው ወርዶ ቢገፋት ጥፋቱ የሾፌሩ አይደለም። ጎማዋን የመረጠላት ሰው የጎጃምን ክረምት አላሰበም።

ኢጣልያኖቹ ራሳቸው የነደፉትን ዕቃ እንደ ታቦት አይፈሩትም። የቦሎኛው ዱካቲ በ1993 ለገበያ ያወጣው «ሞንስተር» የተባለው ሞተር ብስክሌት ለዚህ ምስክር ነው። ሚጌል ጋሉዚ የተባለ የአርጀንቲና ተወላጅ ነዳፊ፣ አካሉን ከአንዱ የዱካቲ ሞተር ብስክሌት፣ ባለ904 ሲ.ሲ. ሞተሩን ከሌላው ወስዶ፣ የሚሸፍነውንም ልባስ ገፍፎ ራቁቱን አቆመው። በመጋዘን ከነበረ ዕቃ የተገኘው ይህ ሥራ ለብዙ ዓመታት የፋብሪካው ዋና ገቢ ሆነ። መለያው እንደ ድልድይ የተሰናሰለው የብረት ቱቦ ነበረ፤ ወዳጆቹም ያለዚያ ሞንስተር የለም ይሉ ነበር። በ2021 ግን ክብደት ለመቀነስ ሲባል ያው ቱቦ ተጥሎ በአሉሚኒየም ተተካ። ብዙዎች ቅር ቢላቸውም፣ እኛ ትክክል አደረጉ እንላለን።

ወደ አገራችን እንመለስ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር፣ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። ባለሦስት ጎማዋም ወደዚያው ማምራቷ የሚቀር አይመስለንም። ለደጋ ሰው ይህ ትልቅ ዕድል ነው። የቤንዚን ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ ዐሥረኛ ያህል ያጣል፤ ቢቸናና ሞጣ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ገደማ ናቸው። ስለዚህ እዚያ ዳገት የምትወጣ ባጃጅ ከጉልበቷ ሩቡን ያህል ሳትነሣ አጥታዋለች። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይሻ ይህ ኪሣራ የለበትም። ከዚህም በላይ ማርሽና የነዳጅ ጋን ሲቀሩ፣ ከ1948 ጀምሮ የተወረሰው ቅርጽ የግድ መሆኑ ያበቃል። ባትሪው ከወለሉ ሥር ሊተኛ፣ ጎማው ሊያድግ፣ ሆዷም ከመሬት ከፍ ሊል ይችላል።

ነገር ግን አሮጌውን ቅርጽ እንዳለ አስመጥተን፣ ሞተሩን ብቻ ለውጠን ብንገጣጥመው፣ ያው ትንሽ ጎማ በዚያው ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል፤ ልዩነቱ ያለ ጭስ መስመጡ ብቻ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ገና ጥቂት ጊዜያችን ቢሆንም፣ በየኮሌጁ መኪና መፍታትና መግጠም በትጋት ሲሰጥ፣ ንድፍ ግን ለፈተና ብቻ ሲጠና አይተናል። የባሕር ዳርም ሆነ የደብረ ማርቆስ ተማሪ ለመመረቂያ ሥራው ርእስ ቢያጣ፣ በክረምት ከቢቸና ወደ ሞጣ ገጠር የሚያደርስ የባለሦስት ጎማ እግር ይንደፍልን። በየወረዳው የግዥ ዝርዝር የሚያዘጋጀው ወጣት ሹምም፣ ከዋጋው ቀጥሎ የቸርኬውን ስፋትና ከመሬት ያለውን ከፍታ በጽሑፍ ይጠይቅ። ሻጩ መልስ ካጣ፣ ሰነዱን ሳይፈርም ይመልስለት።